መንገድ ያልነካው አምስተኛ ጎማ

የቆየ የስፖርት መኪና ሲያጋጥመው ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙን፣ የፊት መብራቱን፣ ከተከፈተለትም ሞተሩን ነው። እኔ ባለቤቱ ፈቃደኛ ከሆነ የኋላ ኮፈኑን እንዲከፍትልኝ እለምናለሁ። ምንጣፉን ገልጦ፣ ጣውላውን አንስቶ ትርፍ ጎማውን፣ ሾፌሮቻችን ስኮርታ የሚሉትን፣ ካሳየኝ ስለዚያ መኪና ማወቅ ከምፈልገው አብዛኛውን አወቅሁ ማለት ነው። ሌሎቹ አራቱ ስልሳ ዓመት ሙሉ ተነድተዋል፤ ጎማቸው ደጋግሞ ተቀይሯል፤ ቸርኬያቸው ተጣሞ ተቃንቷል፣ ተፍቆ ተቀብቷል። እዚያ ላይ የሚነበበው የባለቤቶቹ ታሪክ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ በተቀመጠበት ጎድጓዳ ውስጥ የቀረው አምስተኛው የሠሪዎቹን እጅ እንደያዘ ይቆያል። እድለኛ ሲሆን ደግሞ አንድም ቀን አስፋልት ሳይነካ ይገኛል።

ስኮርታ ድሮ ተደብቆ የሚሄድ ነገር አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣው ኤምጂ ቲሲ ባለ 19 ኢንች ቀጭን ጎማውን ከነዳጅ ታንከሩ ጀርባ በግልጽ አንጠልጥሎት ነበር የሚሄደው፤ የመኪናው መልክ አንድ ክፍልም ነበር። የአካል ቅርጽ እየለሰለሰ፣ ነፋስን እንዲያሳልፍ ተብሎ እየተሳለ ሲመጣ ግን ስኮርታው ወደ ውስጥ ገባ። የሚገርመኝም ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከሰው ዓይን ከተሰወረ በኋላ እንኳ በጥንቃቄ መሠራቱ አልቀረም።

ለዚህ ከጃጓር ኢ-ታይፕ የተሻለ ምስክር አላውቅም። መኪናው እ.ኤ.አ. በማርች 1961 ጄኔቫ ላይ ለሕዝብ ታየ። አካሉን የነደፈው ማልኮም ሴየር ወደ ጃጓር የመጣው ከብሪስቶል አውሮፕላን ኩባንያ ነው፤ ከዚያ ቀደምም ዲ-ታይፕን ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ1956 እና በ1957 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈውን። ዲ-ታይፕም ለውድድር የተሠራ ቢሆንም በጅራቱ ውስጥ፣ ከትንሽ ክዳን ኋላ፣ ስኮርታ ይዞ ነበር የሚሮጠው። ሴየር እንግዲህ ከጅራቱ ቅርጽ ጋር ሙሉ ጎማን ማስታረቅ ለምዶታል። በኢ-ታይፕ ላይ ሲደርስ ጎማው በዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ለጥ ብሎ ተኛ፤ የነዳጁ ታንከር ጎኑን ሰጥቶት። ጣውላዎቹን ስታነሡ የምታገኙት ክብ ጎድጓዳ ጎማውን በልኩ ይቀበለዋል፤ ያን ሁሉ የሚሸፍነው ጅራት ደግሞ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ከውጭ የሚያይ ሰው አንድ ሙሉ የመኪና እግር እዚያ ውስጥ አለ ብሎ አይገምትም።

ቸርኬው ራሱ ረጅም ጊዜ ቆሞ መታየት ይገባዋል። 15 ኢንች ነው፤ መሀሉን፣ ሞዞ የሚባለውን፣ ከዙሪያው ጋር የሚያያይዙት 72 የብረት ዘንጎች ናቸው። ከሞዞው ሁለት ጫፎች ተነሥተው፣ ግማሾቹ ወደፊት ግማሾቹ ወደኋላ አዘንብለው፣ እርስ በርስ እየተላለፉ ዙሪያው ላይ ይደርሳሉ። ወደፊትና ወደኋላ ያዘነበሉት ሞተሩ ሲገፋና ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ጉልበት ይካፈላሉ፤ ወደ ጎን የተከፈቱት መኪናው ኩርባ ሲይዝ የሚመጣውን የጎን ግፊት ይመክታሉ። ሁሉም በውጥረት ነው የሚሠሩት። አንዱ ከላላ የእሱ ሸክም ወደ ጎረቤቶቹ ይዞራል፤ ከከረረ ደግሞ ክቡን ይስበዋል። ስለዚህ የዚህ ሙያ ሰው ዘንጎቹን በቁልፍ እያጠበቀ፣ እንደ ክራር ጅማት በጣቱ እየነካ፣ ድምፃቸው እስኪቀራረብ ይፈትሻል፤ ከዚያ ቸርኬውን አሽከርክሮ ወደ ጎንም ወደ ላይም አለመዋዠቁን ያያል። ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ ቸርኬ ላይ ይህ ሚዛን ተናግቷል፤ ጉድጓድ አጋጥሞታል፤ የዘንጎቹ ጥርስ ዝጓል፤ የዘመኑ ጠጋኝ የራሱን ውጥረት ሰጥቶታል። ስኮርታው ላይ ግን የመጀመሪያው ሰው የተወው ውጥረት አለ።

ቀለሙንም ተመልከቱ። መደበኛው ብርማ፣ በምድጃ የተጋገረ ቀለም ነበር፤ ክሮም ለፈለገ በተጨማሪ ክፍያ ይሰጠው ነበር። እኔ ብርማውን እመርጣለሁ፤ ምንም አይደብቅምና። ተረጭቶ የተቀባ ቀለም ሁለት ዘንጎች በሚደራረቡበት ቦታ፣ በጥላው በኩል፣ ይሳሳል። አሁን በታደሱ ቸርኬዎች ላይ ይህ መሳሳት የለም፤ ቀለሙ ሁሉም ጋ እኩል ወፍራም ነው፤ እኩልነቱም አዲስ መሆኑን ያሳብቅበታል።

ከዚያ ወደ ሞዞው እንግባ። ቸርኬው መኪናው ላይ የሚያዘው በብዙ ዳዶ አይደለም። የሞዞው ውስጠኛ ግድግዳ በቀጫጭን ጥርሶች ተሞልቷል፤ ከመኪናው የሚወጣው አንጓም ያንኑ ጥርስ በውጩ ተሸክሟል። ቸርኬው ተንሸራትቶ ይገባል፤ ጥርስ ከጥርስ ይነክሳል፤ ከዚያ ሁለት ጆሮ ያለው አንድ ትልቅ ዳዶ መሀሉ ላይ ይጠብቃል፤ ጆሮዎቹም በመዳብ መዶሻ ይመታሉ። መዳብ የሆነው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ክሮሙን አይጎዳም። እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ የዳዶው ጥርስ አዞር ነው። በመኪናው ግራ በኩል ያለው ዳዶ እንደ ማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ በቀኝ በኩል ያለው ግን የተገላቢጦሽ ነው። መኪናው ወደፊት ሲሄድ ቸርኬው በትንሹ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ዳዶውን እንዲያጠብቀው እንጂ እንዲያላላው አልተተወም። ለዚህም ነው ዳዶው ላይ የሚፈታበት አቅጣጫ በቀስት ተቀርጾ የሚገኘው። ታዲያ ስኮርታው ከአራቱ ማእዘን ለየትኛው እንደሚያስፈልግ ማን ያውቃል? መሐንዲሶቹ ግራና ቀኝነትን በሙሉ ለአንጓውና ለዳዶው ሰጡና ቸርኬውን ነፃ አወጡት። ግራም ቀኝም፣ ፊትም ኋላም ይገጥማል፤ የራሱ ዳዶ አይያዝለትም፤ የወጣውን ዳዶ ይወርሳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የደኅንነት ደንብ ምክንያት ጆሮዎቹ ሲከለከሉ ዳዶው በቁልፍ የሚዞር ሆነ።

በተነዱ ቸርኬዎች ላይ የውስጥ ጥርሶቹ ጫፍ እየተበላ ይሳላል፤ ቅባት የተነፈገው ደግሞ እንደ ምላጭ ይቀጥናል። የሚሰማ ጣት ካላችሁ ያልተነዳ ስኮርታ ሞዞ ውስጥ አስገቡና ዳስሱ። የጥርሶቹ አናት ገና ጠፍጣፋ ነው።

ስለ ላስቲኩ ደግሞ እንነጋገር። የመጀመሪያዎቹ ባለ 3.8 ሊትር ኢ-ታይፖች የሚለብሱት ደንሎፕ አርኤስ5 ነበር፤ ልኩ 6.40-15። ውስጡ ያለው ጨርቅ እርስ በርስ በአግድሞሽ የተነባበረ ነው፤ ራዲያል የሚባለው ዓይነት፣ ደንሎፕ ኤስፒ41፣ ለኢ-ታይፕ የመጣው ቆየት ብሎ ነው። የዘንጎቹ ጫፎች ቸርኬውን በስተው ስለሚገቡ አየር የሚይዘው ካላማዳሪ ነው፤ እሱንም የዘንጎቹ ራስ እንዳይበሳው በመካከል የላስቲክ ቀበቶ ይገባል። የጎሚስታውን ጥበብ የሚያሳየው ግን ከዚህ የሚያንስ ነገር ነው። ጎማ ሲመረት ዙሪያው ሁሉ እኩል አይከብድም። ደንሎፕ የጎማውን ቀላል ቦታ ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ አጠገብ በቀለም ነጥብ ያመለክት ነበር፤ የካላማዳሪውንም ከባድ ቦታ እንዲሁ በነጥብ። የሚገጥመው ሰው ሁለቱን ነጥብ አንድ ላይ ያመጣል፤ የአንዱ ጉድለት የሌላውን ይሞላል፤ እርሳስ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ፣ ለተረፈው ብቻ ነው። በተነዱት ጎማዎች ላይ እነዚህ ነጥቦች ከጠፉ ቆዩ። ስኮርታው ላይ ተገናኝተው ካገኘኋቸው ያን ቀን የገጠመው ሰው ሥራውን አልዘለለም ማለት ነው፤ በጎድጓዳ ውስጥ ለሚቀበር ጎማ እንኳ።

የጎማው ጥርስ ላይ የቆሙት ቀጫጭን የላስቲክ ጸጉሮችም አሉ። ጎማ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲጋገር አየሩ እንዲወጣ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይተዋሉ፤ ላስቲኩ በእነዚያ ሾልኮ ሲወጣ ጸጉር ይሆናል። መንገድ የጀመረ ጎማ ከመሬቱ ጋር የሚገናኘውን ጸጉር ቶሎ ይጥላል። አምስተኛው ጥርሶቹ ላይ ሳይቀር ጸጉሩን ይዞ ከተገኘ ምንም ወረቀት ሳያስፈልግ አንድ ነገር ተረጋገጠ። የቅርጽ ማውጫው ክፍሎች የተገናኙበት ስስ መስመርም በዚያው ላይ ይታያል።

መርሴዲስ 300 ኤስኤልን ያነሣሁት እንደሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሮቹ ወደ ላይ የሚከፈቱት ይህ መኪና በየካቲት፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ኒውዮርክ ላይ ታይቶ እስከ 1957 ድረስ 1,400 ያህል ተሠራ። ከውድድር መኪና የተወለደ ነውና 130 ሊትር የሚይዝ ታንከር ነበረው፤ ስኮርታው በዚያ ላይ ተቀመጠና የኋላው ክፍል ሞላ። የተጓዡ ዕቃ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ለቦታው ተለክቶ በተሠራ ሻንጣ ይሄዳል። እዚህ ስኮርታ የሚሸሸግ አይደለም፤ ክዳኑ ሲነሣ የሚቀበለው እሱ ነው፤ ስለዚህም ቸርኬው ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ ሁሉም ያየዋል። ጣሪያው የሚታጠፈው ሮድስተር በ1957 ሲከተል ታንከሩ ወደ 100 ሊትር ወረደ፤ ጎማውም ወለሉ ሥር ገባ። ለሻንጣ የተሻለ ሆነ፤ እኔ ግን ፊተኛውን እወዳለሁ።

ኮርቬት ስቲንግ ሬይ የ1963ቱ ደግሞ ከነጭራሹ የኋላ ኮፈን የለውም፤ ስኮርታውን ከሆዱ በታች በፋይበርግላስ ገንዳ ተሸክሞ ይሄዳል። ብልሃት ነው፤ ግን አቧራና ጭቃ ይደርሱበታል፤ እንደ ሌሎቹ ተጠብቆ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ፖርሽ 911 ጋ ሲደረስ የማደንቀው ከጀርባ የሚታየውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ለ911 ኤስ የወጣው ባለ አምስት ቅጠል ቸርኬ የኦቶ ፉክስ ኩባንያ ሥራ ነው። አሉሚኒየሙ ቀልጦ የተፈሰሰ አይደለም፤ በከባድ መጫኛ ተቀጥቅጦ ነው ቅርጽ የያዘው፤ ስለዚህ የብረቱ ቃጫ ቅርጹን ተከትሎ ይሄዳል፤ ክብደቱም ከተለመደው የብረት ቸርኬ ያነሰ ነው። ፊቱን ሁሉም ያውቀዋል። ጀርባው ላይ ግን የኩባንያው ምልክት፣ ልኩ፣ የዕቃው ቁጥር፣ ወሩና ዓመቱ ተመትቷል። በሚነዱት ቸርኬዎች ላይ የፍሬን ትኩስ አቧራ ይህን ገጽ ያቃጥለዋል። ከፊት ኮፈን ሥር የተኛው ስኮርታ ያንን አቧራ አያውቀውም፤ ፊደሎቹ ጠርዛቸው ስለታም ሆኖ ይቆማል፤ ዓመቱንም ከመኪናው ዓመት ጋር ማመሳከር ይቻላል።

በ1970ዎቹ 911 የሚታጠፍ ስኮርታ ያዘ። በአሜሪካ ጉድሪች በ1960ዎቹ መጨረሻ ያመጣው ሐሳብ ነው፤ ጎማው ጎኑን ወደ ውስጥ አጥፎ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ይተኛል፤ በችግር ጊዜ ከሲጋራ ማቀጣጠያው ኤሌክትሪክ በሚወስድ መንፊያ ይነፋል። ያተረፈው ቦታ ለትልቅ የነዳጅ ታንከር ሆነ። ለዓመታት ታጥፎ ቆይቶ አንድ ቀን ሳይሰነጠቅ መዘርጋት ያለበት ላስቲክ መሥራት ቀላል ሙያ አይደለም። ታጥፎ የተገኘውን ለማየት ብሎ መንፋት ግን ነውር ይመስለኛል።

የማዘንበት ልማድ አንድ አለ። መኪናው ሲታደስ ለውበት ተብሎ አምስቱም ቸርኬዎች አንድ ላይ ይወጣሉ፤ አንድ ላይ ይፋቃሉ፤ አንድ ላይ ይቀባሉ። ስኮርታው ከአራቱ ጋር ተመሳስሎ ሲመለስ አራቱ እንዴት እንደነበሩ የሚነግረን ብቸኛ ናሙና ጠፋ ማለት ነው። ሌሎቹን ለማደስ ትክክለኛውን ቀለም፣ ትክክለኛውን ውፍረት፣ የዘንጎቹን ጫፍ አጨራረስ የምንቀዳው ከየት ሊሆን? ያልተነካ መኪናን በራሱ ምድብ ማየት በጀመሩ ትልልቅ ዐውደ ርዕዮች ዘንድ ይህ እየገባ መጥቷል፤ በብዙ ጋራዦች ግን ገና ነው።

ይህን ስል በድሮው ጎማ ንዱ ማለቴ አይደለም። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ ጸጉሩ ያልረገፈ ጎማ ውስጡ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ በፍጥነት ላይ ሲፈነዳ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መኪናውን የሚነዳ ሰው በሌላ ቸርኬ ላይ አዲስ ጎማ ያሠራና ጎድጓዳው ውስጥ እሱን ይያዝ፤ ዛሬ በድሮው ልክና ቅርጽ የሚሠሩ አሉ። የመጀመሪያውን ከነካላማዳሪው ቀዝቀዝ ባለና ጨለም ባለ ክፍል ያኑረው። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራበት ክፍል አይሁን፤ ከሞተሩ ብልጭታ የሚወጣው ኦዞን ላስቲክን ይሰነጥቃል። የሚያብረቀርቅ ቅባት አያስፈልገውም። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማንሣት ይበቃል፤ የቀለም ነጥቦቹና በፋብሪካ የተጻፈ ጠመኔ ካለ ግን እነሱ ያሉበትን ጎን ጨርቁ አይድረሰው።