«ከምን ይሻላል?» እና «ለማን ይመቻል?»፦ ስለ ኮምፓይለር አማራጮች ስያሜ የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃል የሚመዘነው በድምፁ ማማር ሳይሆን የሚጠቀምበትን ሰው ወደ ትክክለኛው ሥራ በመምራቱ ነው። ይህ ሂስ የሚመለከተው በዩኒክስና እርሱን በመሰሉ ሥርዓቶች፣ በተለይም በሊኑክስ፣ ፕሮግራምን ከምንጭ ጽሑፉ ስለ መገንባት የሚያስረዳ አንድ የአማርኛ የሥልጠና ጽሑፍ ነው። አዘጋጁ ሙያውን ዐዋቂ እንደ ሆነ ከአቀራረቡ ይታያል። ስሕተቱ የቋንቋ ነው፤ ነገር ግን ከቋንቋው አልፎ ሥራውን ያበላሻል።

ሰው በሲ ወይም በሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈውን ምንጭ ጽሑፍ ኮምፓይለር ወደ ማሽን ትእዛዛት ይመልሰዋል። ሪቻርድ ስቶልማን በ1987 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ጂሲሲ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ አመላለሱን የሚወስኑ እጅግ ብዙ አማራጮች አሉት። ችግሩ የሚጀምረው እነዚህን በአማርኛ ለመሰየም ሲሞከር ነው።

ጽሑፉ ኮምፓይለርን «አጠናቃሪ» ይለዋል። ይህ መዝገበ ቃላት የምናዘጋጅ ሰዎች ስም ነው። እርግጥ ግሬስ ሆፐር በ1952 እ.ኤ.አ. «ኤ-ዜሮ» የተባለውን ሥርዓት ስትሠራ፣ ተግባሩ አስቀድመው የተጻፉ ንኡሳን ፕሮግራሞችን ከክምችት እየለቀመ ማጠናቀር ነበርና የእንግሊዝኛው ስያሜ በጊዜው ትክክል ነበር። በኋላ ግን ሥራው ተለውጦ ስሙ ብቻ ቀረ። አማርኛ ይህን ቅሪት የሚወርስበት ምክንያት የለም። ሙሉውን ጽሑፍ አስቀድሞ የሚመልሰውን «ተርጓሚ»፣ በሥራው ላይ እየተከተለ የሚፈታውን ኢንተርፕሪተር ደግሞ «አስተርጓሚ» ብንለው፣ ቋንቋው ራሱ የያዘው ልዩነት ያገለግለናል።

ፍላግ «ባንዲራ» ተብሏል። አንባቢው በትእዛዝ መስመር ላይ ባንዲራ ምን እንደሚሠራ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጂሲሲ መምሪያ እነዚህን ምልክቶች የሚጠራቸው «አማራጮች» በሚል አቻ ቃል ስለ ሆነ ይኸው ይበቃል።

ዋናው ነቀፌታ «ኦፕቲማይዜሽን» «ማሻሻል» በመባሉ ላይ ነው። በአማርኛ «ተሻለ» የሚለው ግሥ የሚያስከትለው ጥያቄ «ከምን?» የሚል ነው። «ተመቸ» ግን «ለማን? ለምን ተግባር?» ያሰኛል። የጋይንት ደጋ ለገብስ ይመቻል፤ ለማሽላ አይመችም። ወደ ቆላው ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል። አንዱን መሬት ከሌላው «የተሻሻለ» የሚል ገበሬ የለም። የኮምፓይለር አማራጮችም ባሕርይ ይህንኑ ይመስላል። «-ኦ0» ትርጉሙን በፍጥነት ለመጨረስና ስሕተትን ለመከታተል ይመቻል፤ «-ኦስ» የፕሮግራሙን መጠን ለማሳነስ፤ «-ኦ2» ለአብዛኛው ሥራ። «-ኦ3» ለአንዳንድ ስሌት ፍጥነት ሲጨምር፣ ለሌላው ፕሮግራሙን አግዝፎ በፕሮሰሰሩ ፈጣን ማኅደር እንዳይበቃ በማድረግ ሊያዘገየው ይችላል። ሥርዓቱን ከምንጭ ጽሑፍ የሚገነቡት የጄንቱ ሊኑክስ አዘጋጆች እንኳ ለጠቅላላ አገልግሎት የሚመክሩት «-ኦ2»ን ነው። ጽሑፋችን ግን «-ኦ3 ከፍተኛው ማሻሻያ ነው» ይላል። ይህን ያነበበ ሰልጣኝ ዝቅ ያለውን ለምን ይመርጣል?

«ፋስት-ማት» የተባለው አማራጭም «የሒሳብ ማሻሻያ» ተብሏል። ይህ አማራጭ ግን ኮምፓይለሩ የአሥርዮሽ ቁጥሮችን የመደመር ቅደም ተከተል እንዲለውጥ ይፈቅድለታል፤ በዚህም ምክንያት ውጤቱ ሊለይ ይችላል። የሒሳብ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ይህ መሻሻል አይደለም።

ከሁሉ የከፋው «ማርች» የተባለው አማራጭ ከ«ኔቲቭ» ጋር ሲጻፍ «አገር በቀል» ተብሎ መተርጎሙ ነው። የትእዛዙ ፍች «ትርጉሙ በሚካሄድበት በዚህ ማሽን ልክ» ማለት ነው። አዲስ አበባ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ በዚህ አማራጭ የተገነባ ፕሮግራም ወገዳ ለሚገኝ መሥሪያ ቤት ቢላክና የዚያ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች የገቡትን የኤቪኤክስ2 ትእዛዛት የማያውቅ ቢሆን፣ ፕሮግራሙ የማይታወቅ ትእዛዝ ደርሶበት በመሐል ሊቆም ይችላል። ሠራተኛው ጥፋቱን ከኮምፒዩተሩ ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ግን ያለው በትርጉሙ ነው።

ከዚህ ጋር የሚነጻጸረው «ኤምቲዩን» የተባለው አማራጭ ነው። ይህ ፕሮግራሙን ለአንድ የፕሮሰሰር ዐይነት ያስማማዋል እንጂ በሌላው ላይ እንዳይሠራ አያግደውም። ለዚህ አማርኛ የደረሰ ቃል አለው፤ «መቃኘት»። አዝማሪ ማሲንቆውን ለራሱ ድምፅ ይቃኛል፤ ሌላው ቢቀበለው ለድምፁ ላይስማማው ይችላል፤ መሣሪያው ግን መጮኹን አይተውም። «ማርች» የሚያደርገው ከዚህ ያለፈ ስለ ሆነ «ለማሽን መወሰን» ቢባል ገደቡን ያሳያል። ጽሑፉ ሁለቱንም «ማስተካከል» በማለቱ አንባቢው ሊያውቀው የሚገባውን ልዩነት አጥፍቶበታል።

«ባለሙያው በእንግሊዝኛ ይማረው» የሚሉ ይኖራሉ። ለማሽኑ የሚጻፈው ምልክት እንዳለ መቅረቱ ግድ ነው፤ እርሱን ማንም ተርጉሞ አይጽፈውም። የምንከራከረው ምልክቱን ስለሚያብራራው አማርኛ ነው፤ ሰልጣኙ የሚወስነው ይህን አንብቦ ነውና።

ስለዚህ ለኮምፓይለር «ተርጓሚ»፣ ለኢንተርፕሪተር «አስተርጓሚ»፣ ለፍላግ «አማራጭ»፣ ለኦፕቲማይዜሽን «ማመቻቸት»፣ ለ«ኤምቲዩን» «መቃኘት»፣ ለ«ማርች» «ለማሽን መወሰን» የሚሉትን ለውይይት አቀርባለሁ። «ማመቻቸት» የሚለውን የሚጽፍ ሁሉ «ለ» የሚለውን መስተዋድድ አስከትሎ ለፍጥነት ወይም ለመጠን፣ ለየትኛውም ማሽን እንደ ሆነ እንዲገልጽ አሳስባለሁ።