ብራባንሺዮ ዘረኛ ነበርን? «ኦቴሎ»ን በክፍል ውስጥ ስለ ማንበብ

የሼክስፒር «ኦቴሎ» በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብርቱ አማርኛ ከተተረጐመበት ጊዜ አንሥቶ በአገራችን አንባቢና ተመልካች ዘንድ ይበልጡን የሚታወቀው የቅናት ተውኔት ተብሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመምህርነት በቆየባቸው ዓመታት ተውኔቱን ያስተማረው በዚሁ አርእስት ሥር ነበር። መሐረቧ እንዴት እንደ ተወሰደች፣ ኢያጎ ነገሩን እንዴት እንደ ጐነጐነው፣ ኦቴሎም እንዴት እንደ ተታለለ ማስረዳቱ ብቻውን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ይህ አነባበብ ስሕተት ነው ለማለት አያስደፍርም። ነገር ግን በእኛ መድረክ ላይ ኦቴሎም፣ ኢያጎም፣ የቬኒስ መስፍንም በመልክ አንድ ስለሚሆኑ፣ ተውኔቱ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ የተሸከመው ሌላ ጉዳይ ከዓይናችን ይሰወራል። ይኸውም በነጮች ከተማ ውስጥ በማዕርግና በክብር የሚኖር ጥቁር ሰው በዕለት ኑሮው የሚገጥመው ነገር ነው።

ይህን ነገር በአማርኛ ለመግለጽ ስንነሣ ፈጥኖ ወደ አፋችን የሚመጣው «ዘረኝነት» የሚለው ቃል ነው። ተማሪው ስድብ ሲሰማም፣ ጋብቻ ሲከለከልም፣ ሕግ ሲያዳላም ሁሉንም በዚያው ቃል ይጠራዋል፤ ሁሉንም በአንድ ስም ከጠራ በኋላም ለሁሉም አንድ ዓይነት መድኃኒት ይፈልጋል። እነዚህ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በአእምሮ ውስጥ ያለ የጅምላ ሥዕል ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን በ1922 እ.ኤ.አ. ስለ ሕዝብ አስተያየት ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ሥዕል መጠሪያ የተዋሰው ከማተሚያ ቤት ነበር። የአንድ ገጽ ፊደል ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ከቀለጠ ብረት የሚቀረጽለት ሰሌዳ ያንኑ ገጽ ሳይለወጥ ሺህ ጊዜ ያትማል። ሁለተኛው ቅድመ ፍርድ ነው፤ ሰውየው ሳይመረመር የሚሰጥ የልብ ውሳኔ ማለት ነው። ሦስተኛው ዘረኝነት ሲሆን፣ ይህ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሳይሆን በሕግ፣ በደንብና በአሠራር ላይ የተቀመጠ ሥልጣን ነው። «ኦቴሎ» ለመምህር የሚጠቅመው ሦስቱን በየተራ፣ ያውም በልዩ ልዩ ሰዎች ላይ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

በመጀመሪያው ትዕይንት የዋናው ሰው ስም ፈጽሞ አይጠራም። ኢያጎና ሮድሪጎ በሌሊት በብራባንሺዮ መስኮት ሥር ቆመው ሲጮኹ የምንሰማው ስለ አንድ «ሙር» ነው፤ ስለ ከንፈሩ፣ ስለ ቀለሙና ከእንስሳ ጋር ስለሚያመሳስሉት ነገር። ተመልካቹ ሰውየውን ከማየቱ በፊት ሥዕሉን ያያል። በሚቀጥለው ትዕይንት ኦቴሎ ራሱ ሲወጣ ግን የተዘጋጀው ሥዕል አይገጥምም። የነገሥታት ዘር መሆኑን እንኳ በይፋ ለመናገር የማይቸኩል፣ ሰይፍ የመዘዙትን ሰዎች በጥቂት ቃል የሚያበርድ የጦር አዛዥ እናገኛለን። አንድ ቅን አንባቢ ሥዕሉ በዚህ ይሰረዛል ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ሰሌዳው ግን በአንድ የማይመስል ሰው ምክንያት አይሰበርም፤ ሰውየውን «ከወገኖቹ የተለየ» ብሎ ወደ ጐን አድርጎ ማተሙን ይቀጥላል። መስፍኑ ኦቴሎን ሊያመሰግን ሲፈልግ ለአማቱ የሚለው፣ አማችህ በምግባሩ ከጥቁርነት ይልቅ ወደ ነጭነት ያደላል የሚል ነገር ነው። ምስጋናው ከልብ ነው፤ ሥዕሉም ከነሙሉ ቅርጹ በምስጋናው ውስጥ አለ። ስለ አንድ ተማሪ «ከዚያ ሰፈር መጥቶ እንኳ ጐበዝ ነው» ብሎ የሚያውቅ መምህር የመስፍኑን አነጋገር ለመረዳት አይቸገርም።

ከሁሉ ይልቅ ሊተኰርበት የሚገባው ብራባንሺዮ ነው። ይህ ሽማግሌ ኦቴሎን አይጠላውም። ወዶት ነበር፤ ደጋግሞም ወደ ቤቱ ጠርቶታል፤ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ምርኮውና ስላየው አገር እንዲተርክለት በማዕዱ አጠገብ አስቀምጦታል። ዴዝዴሞናም ኦቴሎን የወደደችው አባቷ ባዘጋጀው በዚሁ ጨዋታ ላይ ነው። እንግዲህ ለቅድመ ፍርድ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት «ጭፍን ጥላቻ» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ያሳስተናል። የጠላ ሰው የለም፤ የጨፈነም የለም። ብራባንሺዮ እንግዳውን በደንብ አይቶታል። ያልተነገረ አንድ ወሰን ግን ነበረ፤ እንግዳው ያን ወሰን እስኪያልፍ ድረስ አስተናጋጁ ራሱ ወሰን መኖሩን አያውቅም ነበር ማለት ይቻላል። በዚህ ረገድ አማርኛችን ለተማሪው ያልተገባ መጽናኛ ይሰጠዋል። ጥላቻ ከሌለብኝ ነጻ ነኝ ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋልና።

ልጁ ማግባቷን በሰማ ጊዜ ብራባንሺዮ የሚያቀርበው ክስ የጥንቆላ ነው። አስተሳሰቡን ደረጃ በደረጃ መከታተል ለተማሪ ታላቅ ትምህርት ይሆናል። ልጄ በጤናዋ እንዲህ ያለውን ሰው ልትወድ አትችልም፤ ወድዳለች፤ ስለዚህ መድኃኒት አቅምሷታል። ፍርዱ ቀድሞ ስለ ተሰጠ ማስረጃው ፍርዱን ተከትሎ ይሠራል። ዴዝዴሞና በሸንጎ ፊት ቀርባ በገዛ ፈቃዷ እንዳደረገችው ስትመሰክር እንኳ አባቷ ክሱን ይተዋል እንጂ ፍርዱን አይለውጥም። ሲወጣም ለኦቴሎ አንድ መርዘኛ ማስጠንቀቂያ ጥሎ ይሄዳል፤ አባቷን ያታለለች አንተንም ታታልል ይሆናል የሚል። በሦስተኛው ገቢር ኢያጎ ይህንኑ አነጋገር አንሥቶ በሥራ ላይ ያውለዋል። ሽማግሌው በኀዘን መሞቱን በመጨረሻው ትዕይንት እንሰማለን።

ታዲያ ዘረኛ ነበርን? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለዘረኝነት የሚያበቃ ነገር ጐድሎት ነበር። ብራባንሺዮ ቅድመ ፍርዱን ይዞ ወደ መንግሥት ሄደ፤ መንግሥትም አልተቀበለውም። ተውኔቱ በ1604 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መታየቱ በመዝገብ ይገኛል። ከ87 ዓመት በኋላ፣ በ1691 እ.ኤ.አ.፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በቨርጂኒያ የወጣ ሕግ ጥቁር ያገባ ነጭ ከአገሩ እንዲባረር አዘዘ። ከዚያ በኋላ በቨርጂኒያ የሚኖር ብራባንሺዮ ጥንቆላ መፈለግ አያስፈልገውም፤ ሕጉን መጥቀስ ብቻ ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ክልከላ በቨርጂኒያና እርሷን በመሰሉ በጠቅላላው 16 የአሜሪካ ክፍላተ አገር ውስጥ ጸንቶ ቆይቶ የተሻረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 እ.ኤ.አ. በላቪንግ ባልና ሚስት ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ነው። በደቡብ አፍሪካም ከ1949 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ የኦቴሎና የዴዝዴሞና ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ አልነበረም። በእነዚህ አገሮች ጉዳዩን የሚያየው ዳኛ ጥቁርን ይጥላ፣ አይጥላ ለውሳኔው ለውጥ አያመጣም። ይህ ዓይነቱ ሥልጣን ለመሥራት የማንንም ጥላቻ አይጠይቅም፤ ጽሕፈት ቤትና ማኅተም ይበቁታል።

ይህን ስል ቬኒስን ንጹሕ ማድረጌ አይደለም። መስፍኑ ለኦቴሎ የፈረደለት የቱርክ መርከቦች ወደ ቆጵሮስ በሚገሠግሡበት ሌሊት ነው። በሁለተኛው ገቢር ማዕበል መርከቦቹን ይበታትናቸዋል፤ በአራተኛው ገቢር ሎዶቪኮ ኦቴሎን የሚሽርና ካሲዮን በቦታው የሚተካ ደብዳቤ ይዞ ከቬኒስ ይደርሳል። ደብዳቤው በተጻፈበት ጊዜ ኦቴሎ የሠራው ጥፋት በቬኒስ አልተሰማም። ለሽረቱ ምክንያት የሚሰጥ አንድም ቃል በተውኔቱ ውስጥ የለም። ሐያስያን ይህን ቦታ በችኰላ ሲያልፉት ይታያል፤ እኔ ግን ተማሪዎች የሁለቱን ገቢሮች ቅደም ተከተል ጐን ለጐን አስቀምጠው ራሳቸው እንዲነጋገሩበት ቢደረግ እመርጣለሁ።

ተማሪው ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው ሊል ይችላል። በእኛም አገር ቀለም ሳይለይ ተመሳሳይ መዋቅር እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተብለው ሲጠሩ፣ ማረሻውን ከእጃቸው፣ እንስራውንም ከደጃቸው የሚወስደው ጎረቤት በጋብቻ ጊዜ ግን ይሸሻቸው ነበር። የብራባንሺዮ የጥንቆላ ክስ እዚህ ላይ ባዕድ አይሆንብንም። በብዙ አካባቢም መሬት አይይዙም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ የተነጣጠረው በአንደበት፣ ማለት በሥዕሉ ላይ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በበኩሉ ስለ ስድብ ሳያነሣ የይዞታውን መሠረት ለወጠ። ሁለቱ አዋጆች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነክተዋል። ጋብቻው ግን አዋጅ የማይደርስበት ሆኖ በየቤቱ ቆይቷል።

በተውኔቱ ላይ አንድ ነቀፌታ ሳላቀርብ ማለፍ አይገባኝም። በሦስተኛው ገቢር ኦቴሎ ሚስቱ የከዳችኝ ጥቁር ስለ ሆንኩ ይሆናል ብሎ ያስባል። የሮድሪጎ ሥዕል ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ በባለቤቱ ልብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ደራሲው ከደረሰበት ሁሉ ጥልቁ ስፍራ ይመስለኛል። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት ነጭና ቡናማ አሻንጉሊት አቅርበው ሲጠይቁ አብዛኞቹ ነጩን መምረጣቸው፣ ጥናቱም በ1954 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት በታገደበት ውሳኔ ውስጥ መጠቀሱ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ሼክስፒር ታሪኩን የሚደመድመው ኢያጎ በጮኸለት ሥዕል ነው፤ የተረጋጋው አዛዥ ሚስቱን አንቆ የሚገድል ሰው ይሆናል። ሥዕሉ ሐሰት መሆኑን በሁለት ገቢር ያሳየን ደራሲ በመጨረሻው ገቢር ሥዕሉን እውነት የሚያስመስል ፍጻሜ ሰጥቶታል። መምህሩ ይህን ቢሸፍነው ተማሪው በራሱ ጊዜ ያገኘዋል፤ ያን ጊዜም የሚያነጋግረው ሰው በአጠገቡ አይኖርም።

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና ለዕቅድ አውጪዎች ያለኝ አሳብ አጭር ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ አዋራጅ ዐረፍተ ነገር ሲሰረዝ የተነካው የጅምላ ሥዕሉ ነው፤ ይህም በጎ ሥራ ነው። በክፍል ውስጥ ልጆችን አቀላቅሎ ማስቀመጥ ከቅድመ ፍርድ ጋር የሚደረግ ትግል ነው፤ ብራባንሺዮ እንደሚያሳየን ግን አብሮ መመገብ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሦስተኛው በሌላ መንገድ ይመረመራል። የትኛው ልጅ የት ትምህርት ቤት ተመደበ፣ የትኛው አቋረጠ፣ መምህሩ ያልተላከለት የትኛው ወረዳ ነው የሚለው መልስ የሚገኘው በመዝገብ እንጂ በሰዎች ልብ ውስጥ አይደለም።

ጥቁሩ አሜሪካዊ ተዋናይ ፖል ሮብሰን በ1943 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ኦቴሎን መጫወት ጀምሮ ተውኔቱ 296 ጊዜ ታየ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ በየከተማው ሲዞር የተመልካቹ መቀመጫ በዘር በሚለይበት ቲያትር ቤት ለመጫወት ፈቃደኛ አልነበረም። የገባው ሰው ይውደደው ወይም አይውደደው አልጠየቀም፤ የጠየቀው ወንበሮቹ እንዴት እንደ ተደለደሉ ነበር።