የክሌቭ ልዕልት፤ የገዛ ልቧን ያልዋሸች ሴት

ስለ ፍቅር የሚናገር ልብ ወለድ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መንገድ በአንዱ ይሄዳል፤ ወይም ምኞት ድል ይነሣና ጸጸት ይከተለዋል፤ ወይም ትዕግሥት ድል ይነሣና ምኞቱ ከቶ እንዳልነበረ ሆኖ ይረሳል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1678 ዓ.ም. በፓሪስ የታተመው «የክሌቭ ልዕልት» የተባለው መጽሐፍ ግን በሁለቱም አልሄደም። በውስጡ ያለችው ሴት የምትወደውን ታውቃለች፤ እንደምትወደውም በአፏ ትናገራለች፤ ነገር ግን አትከተለውም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አንባቢዎችን ሲያከራክር የኖረው ይህ ነገር ነው።

ደራሲዋ ማዳም ደ ላፋዬት በ1634 ተወልደው በ1693 ያረፉ፥ በሉዊ 14ኛ ዘመን በቤተ መንግሥት የታወቁ ወይዘሮ ናቸው። ደብዳቤዎቻቸው የተመሰገኑላቸው ማዳም ደ ሴቪኜ የቅርብ ወዳጃቸው ነበሩ፤ ስለ ሰው ጠባይ በአጫጭር ቃል የጻፉት ላ ሮሽፉኮም ከቤታቸው አይጠፉም ነበር። ሆኖም መጽሐፉ ሲወጣ የማዳም ደ ላፋዬት ስም አልተጻፈበትም፤ እርሳቸውም የእኔ አይደለም ብለው በደብዳቤ ክደዋል። በዚያ ዘመን ለትልቅ ሰው፥ ይልቁንም ለሴት፥ ልብ ወለድ ጽፎ ማሳተም እንደ ክብር አይቈጠርም ነበርና።

የሚያስደንቀው ነገር፥ የታሪኩ ባለቤት የሆነችውም ሴት የራሷ ስም የላትም። አስቀድሞ በወላጆቿ ቤት ስም ማድሞዋዜል ደ ሻርትር ትባላለች፤ ካገባች በኋላ በባሏ ማዕርግ የክሌቭ ልዕልት ትባላለች፤ የክርስትና ስሟን ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚነግረን የለም። ሌሎች የሰጧትን ስም ተሸክማ፥ የራሷ የሆነውን ነገር በልቧ ውስጥ ትፈልጋለች፤ መጽሐፉም የዚህ ፍለጋ ታሪክ ነው።

ነገሩ የሚፈጸመው ከደራሲዋ ዘመን አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ፥ በዳግማዊ ሄንሪ ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሡና ብዙዎቹ መኳንንት በእውነት የነበሩ ሲሆኑ ልዕልቲቱ ግን በደራሲዋ አሳብ የተፈጠረች ናት። በ16ኛው ዓመቷ ወደ ቤተ መንግሥት ትመጣለች፤ የክሌቭ ልዑል አይቶ ይወዳታል፤ እርሷም ሳትወደው፥ ነገር ግን አክብራው ታገባዋለች። ከዚያ በኋላ በአንድ የጭፈራ ሌሊት የነሙርን መስፍን ታያለች፤ ቀስ በቀስም አክብሮትና ፍቅር ሁለት ነገር እንደ ሆኑ ይገባታል።

እዚህ ላይ የእናቲቱን የማዳም ደ ሻርትርን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። ሌሎች እናቶች ስለ ፍቅር ምንም ባለመናገር ሴት ልጆቻቸውን የሚጠብቁ ሲመስላቸው፥ እርሷ ግን የፍቅርን ጣዕምም አደጋም፥ የወንዶችንም አለመታመን ለልጇ ገልጣ ትነግራት ነበር። ልጅቱ በተፈተነች ጊዜ የደረሰባትን ነገር በስሙ ልትጠራው የቻለች ይህን ትምህርት ስለ ሰማች ነው። ዝምታ ብቻውን ንጽሕናን ይጠብቃል ብለን ለምናስብ ሁሉ ይህ ክፍል ተግሣጽ ነው። እናቲቱ ግን ልጅዋ አማካሪ በምትሻበት ሰዓት ሞተች።

ልዕልቲቱም ብቻዋን በቀረች ጊዜ፥ በኩሎሚዬ ባለው ርስታቸው ለባሏ ልቧን ትከፍታለች። ከቤተ መንግሥት ርቃ መኖርን የምትሻው የሚያሠጋት ፍቅር ስላደረባት መሆኑን ትገልጥለታለች፤ የሰውየውን ስም ግን አትናገርም። ባልየው ቀደም ሲል፥ ሚስቱ እንዲህ ያለውን ነገር በቅንነት ብትገልጥለት ከቍጣ ይልቅ ርኅራኄ እንደሚያድርበት ተናግሮ ነበር። መናገር ቀላል ነው፤ መስማት ግን ከበደው። ስሙን ለማወቅ ይወተውታታል፤ በብልሃትም ያውቀዋል፤ በመጨረሻም መስፍኑን ይሰልል ዘንድ የላከው ሰው ያመጣለትን ወሬ ሰምቶ በኀዘን ታሞ ይሞታል።

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት «ሜርኩር ጋላን» የተባለው ጋዜጣ፥ ሚስት እንዲህ ያለውን ነገር ለባሏ መናገር ይገባታልን ብሎ አንባቢዎቹን ጠየቀ፤ ከመለሱትም አብዛኞቹ አይገባትም አሉ። እኛ ግን ጥፋቱ ከተናገረችው እውነት የመጣ አይመስለንም፤ ባልየው እውነቱን ሰምቶ ማረፍ ካለመቻሉ የመጣ ነው እንጂ። እርሷ የሠራችውን በደል አልተናዘዘችም፤ እንዳልሠራው ርዳኝ አለችው። እርሱ ግን ረዳት መሆኑን ትቶ መርማሪ ሆነ። ይሁንና ደራሲዋ በጭካኔ አይፈርዱበትም፤ ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን እርሱ ነው፤ ሚስቱ ስላከበረችው በክብሯ ተጐዳና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ፍጻሜው ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ልዕልቲቱ ነፃ ናት፤ መስፍኑም ሊያገባት ይለምናታል፤ የሚከለክላቸው ሕግ የለም። እርሷም እንደምትወደው ፊት ለፊት ትነግረዋለች፤ እንደማታገባውም በዚያው ሰዓት ትነግረዋለች። ምክንያቷ ሁለት ነው፤ አንዱ ለባሏ መታሰቢያ ያለባት ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው መስፍኑ ካገኛት በኋላ መውደዱን እንደሚተው ማመኗ ነው። ለሌላ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ ለእርሱ የተጻፈ መስሏት አንድ ጊዜ የቅንአትን ሥቃይ ቀምሳዋለችና፥ ዕድሜዋን ሁሉ በዚያ ሥቃይ መኖር አልወደደችም።

አንዳንዶች ይህን ፍርሃት ይሉታል፤ ሌሎችም ደግነት ይሉታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም አሉበት፤ የመጽሐፉም ክብር ሁለቱን አለመደበቁ ነው። መልካም ሥራ ሁሉ ከንጹሕ ምክንያት ብቻ ይወጣል ብሎ የሚጽፍ ደራሲ ያሞግሰናል እንጂ አያውቀንም። ዕድሜዋን በሌሎች ስም ስትጠራ የኖረች ሴት በመጨረሻ አንድ ቃል ከራሷ አውጥታ ተናገረች፤ ያም ቃል እንቢ የሚል ነው።

መጽሐፉ ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። መጀመሪያው በመኳንንት ስምና በዘር ቈጠራ ስለ ተጨናነቀ አዲስ አንባቢን ያሰለቻል፤ ሁሉም ውብ ነው ከመባሉ በቀር የአንዱ መልክ ከሌላው ተለይቶ አይታይም። መስፍኑ በአደን መንገድ ጠፍቶ፥ ባልና ሚስቱ ምሥጢራቸውን በሚነጋገሩበት ሰዓት ከዚያው ስፍራ ተደብቆ መስማቱም ለማመን ያስቸግራል። ልብን በመመርመር ግን የሚወዳደሩት ጥቂቶች ናቸው።

ልዕልቲቱ ከዚያ በኋላ የዓመቱን አንዱን ክፍል በደናግል ገዳም፥ የቀረውን በቤቷ እየኖረች በአጭር ዕድሜ አረፈች። ደስ አላት ወይም ተጸጸተች ብለው ደራሲዋ አይነግሩንም፤ ፍርዱን ለእኛ ትተዋል። ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው፥ ይልቁንም ትዳር የያዘ፥ ልዕልቲቱ መናገር ይገባት ነበርን ብሎ ከመጠየቁ በፊት ራሱን ይጠይቅ፤ የሚወደኝ ሰው እውነቱን ቢነግረኝ ልሸከመው እችላለሁን?