በደጋ ሰማይ ላይ ጭነት

የንግድ አብራሪ ፈቃድ በ200 ሰዓት በረራ ይገኛል፤ በጸደቀ የተቀናጀ ሥልጠና ላለፈ 150 ይበቃዋል። የአየር መንገድ ካፒቴን የሚሆንበት ፈቃድ ግን 1,500 ሰዓት ይጠይቃል። ይህን ልዩነት ከኪሱ ከፍሎ የሚሞላ ሰው ጥቂት ነውና በብዙ አገር ወጣቱ ፓይለት ወደ ጭነት ይጠጋል። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ባለአንድ ሞተሩ ሴስና ካራቫን የፌዴክስን ጥቅል ከትናንሽ ከተሞች ሲያመላልስ ብዙ ካፒቴኖችን አሳድጓል።

በኢትዮጵያ መንገዱ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠልጣኙን ራሱ መልምሎ፣ ራሱ አስተምሮ በረዳት አብራሪነት ያስቀምጠዋል፤ ሰዓት ፍለጋ መንከራተት የሚገጥመው በግል ትምህርት ቤት ከፍሎ የተማረውን ነው። ለእሱ በር የሚከፍቱለት ካራቫንና መሰል አውሮፕላን የሚያከራዩ ጥቂት የቻርተር ድርጅቶች ናቸው። ዛሬ መድኃኒት፣ ነገ መለዋወጫ፣ ከነገ ወዲያ ሰው ይጭናል። ይህ መደባለቅ አዲስ ነገር አይደለም። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች አግዳሚያቸው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጭነቱ መሀል ላይ ይታሰር ነበር።

የአርሲ ደጋ ከተማ አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ስንዴዋና ብቅሏ ግን የሚወጣው በአውሮፕላን ሳይሆን በኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ነው። ምክንያቱ ከሒሳቡ ይታያል። የግራንድ ካራቫን ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 3,969 ኪሎ ሲሆን ባዶው አካል፣ ነዳጁና አብራሪው ሲቀነሱ ለጭነት የሚተርፈው አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት ኩንታል ነው። በዚህ እህል አይነገድም። ለጭነት አብራሪ የአርሲ ደጋ ዋና ትርጉሙ ከቦሌ ወደ ባሌ ሮቤና ወደ ጎዴ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚጋረጥበት ተራራ መሆኑ ነው።

ጭላሎ፣ ባዳና ካካ ሁሉም ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። በደመና ውስጥ በመሣሪያ የሚበር አብራሪ ከተራራው አናት ቢያንስ 600 ሜትር መራቅ ስላለበት ከ15,000 ጫማ በላይ መውጣት ይኖርበታል። ካራቫን ደግሞ የጓዳው አየር አይታመቅም። ደንቡ ከ10,000 ጫማ በላይ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ ለሚቆይ፣ ከ13,000 በላይ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ኦክስጅን ያስገድዳል። ሌላው ምርጫ በስምጥ ሸለቆው፣ በዝዋይና በላንጋኖ በኩል ዞሮ መሄድ ነው። ዙሪያው ነዳጅ ይበላል፤ የተጨመረው ነዳጅ ክብደቱ ከጭነቱ ላይ ይነሳል። በክረምት ጠዋት ጥርት ብሎ የሚታይ ተራራ ከቀትር በኋላ በነጎድጓድ ደመና ሊጠፋ ስለሚችል አስተዋይ አብራሪ በማለዳ ይነሳል፤ የጭነቱ ባለቤት ቢዘገይም ሰማዩ አይጠብቅም።

አየሩ ራሱም ስስ ነው። አሰላ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በእንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ሙቀቱ 22 ዲግሪ ሲደርስ ለክንፉም ለሞተሩም አየሩ የ3,200 ሜትር ያህል ይሆናል። የፍጥነት መለኪያው ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ያሳያል፤ አውሮፕላኑ ግን በመሬት ላይ 17 በመቶ ያህል ፈጥኖ ይሄዳል። ጀማሪ ሊያርፍ ሲል መሬቱ ሲሮጥበት ያይና «ፈጠንኩ» ብሎ ይቀንሳል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ ክንፉ የሚያውቀው የመለኪያውን ቁጥር ነውና ከሚገባው በታች ሲወርድ መሸከሙን ይተዋል። ካረፈ በኋላም የመቆሚያው ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከሲሶ በላይ ይረዝማል። የቦሌ 3,800 ሜትር ማኮብኮቢያ ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ አጭር የጠጠር ሜዳ ግን አይሸፍንም።

ከበረራው ይልቅ ሙያው የሚፈተነው ጭነት ሲገባ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የካራቫን ትልቁ በር ከኋላ በግራ በኩል ስለሆነ ጫኚዎች ከባዱን ዕቃ እዚያው በሩ ሥር መከመር ይቀላቸዋል። ጅራቱ ከከበደ አፍንጫው ቀና ይልና አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ እያለ በጅራቱ ሊቀመጥ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሲጫን ከጅራቱ ሥር ድጋፍ የሚደረገው። ግድግዳው ላይ በቁጥር የተከፈሉ ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ተጽፏል። ከባዱ ወደ ፊት ይገፋል፣ መረብ ይለብሳል፣ በማሰሪያ ይጠፈራል። አንድ ኩንታል የተባለ ጆንያ ሁልጊዜ መቶ ኪሎ ስለማይሆን፣ ዝናብ የነካው ደግሞ ስለሚከብድ ሚዛን ላይ ሳይወጣ አይታመንም። በሩ ሊዘጋ ሲል «ካፒቴን፣ ይቺን ብቻ!» የሚል ሰው አይጠፋም። ይሉኝታ የያዘው አብራሪ ይቺን ብቻ እያለ ሃምሳ ኪሎ ይጨምራል፤ በአርሲ ከፍታ ሃምሳ ኪሎ በመውጫው ላይ ይታወቃል።

በትልቁ የጭነት አውሮፕላን ይህ ሥራ ከአብራሪው እጅ ይወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 777 የጭነት አውሮፕላን መቶ ቶን ገደማ ይሸከማል፤ ከአርሲ ተራሮች ግርጌ ባቱ (ዝዋይ) ላይ የሚለማው አበባም በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ደርሶ ወደ አውሮፓ የሚሄደው በአየር ነው። ክብደቱን የሚያሰላው ሌላ ባለሙያ ነው፤ ካፒቴኑ ወረቀቱን አይቶ ይፈርማል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚገባው ግን መረብ ያሰረ ሰው ነው።

ከካራቫን ወደዚያ ለመሻገር ሰዓት መቁጠር ብቻ አያደርስም። ከ1,500ው ሰዓት 100ው በሌሊት፣ 75ቱ በመሣሪያ የተበረረ መሆን አለበት። መብራት የሌለው የጠጠር ሜዳ የቀን በረራንና የአዛዥነት ሰዓትን በልግስና ይሰጣል፤ የሌሊቱንና የመሣሪያውን ግን ይነፍጋል። ቀጣሪዎችም ባለሁለት ሞተር ልምድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በሎግ ቡኩ ጠቅላላ ድምር ብቻ የሚረካ አብራሪ ካራቫን ላይ ይሰነብታል፤ የሚሻገረው የጎደለውን ዓምድ አይቶ ባለሁለት ሞተር አውሮፕላንና የሌሊት መሥመር ያለው ድርጅት በጊዜ የሚፈልግ ነው።