ጀሶው እስኪበርድ

ጀሶ እየጠነከረ ሲሄድ ይሞቃል። ሕፃኑ ማደንዘዣ ወስዶ በብረት ማዕቀፉ ላይ ተንጋሏል፤ አንዱ ባልደረባዬ ከአገጩ፣ ሌላው ከዳሌው ለስለስ አድርገው ይስቡታል። እኔ መዳፌን ወደ ኋላ በወጡት ጎድኖች ላይ አሳርፌ የተጠማዘዘውን ደረት ወደ ቦታው እያዞርኩ እይዛለሁ። በጣት አይገፋም፤ ጣት የተወው ስርጉድ ቆዳ ያቆስላል። ሙቀቱ መጥቶ እስኪበርድ ድረስ መዳፍ አይነሣም።

ሥራውን ስጀምር አከርካሪን የማቃናው በክንዴ ጉልበት ይመስለኝ ነበር። የሚያቃናው ግን የልጁ እድገት ነው። ከልደት እስከ አምስት ዓመት አከርካሪ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እንደ ጠመመ ከተተወ እድገቱ ጥመቱን ያባብሰዋል፤ መስመር ከያዘለት ያው እድገት መልሶ ያቃናዋል።

ይህን ያስተማሩን በእንግሊዝ አገር በስታንሞር የሠሩት ዶክተር ሚን ሜህታ ናቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. ጎድኖች ከአከርካሪው ጋር የሚሠሩት ማዕዘን በግራና በቀኝ ከ20 ዲግሪ በላይ ሲለያይ ጥመቱ ብዙውን ጊዜ እንደሚብስ፣ ልዩነቱ ሲያንስ ደግሞ አብዛኛው በራሱ እንደሚቃና አሳዩ። በ2005 እ.ኤ.አ. በጀሶ ያከሟቸውን የ136 ሕፃናት ውጤት አወጡ። በአማካይ በ19 ወራቸው የመጡት 94 ሕፃናት ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናቸው ጥመቱ ለቀቃቸው። በአማካይ በ30 ወራቸው የመጡት 42ቱ ግን ቀነሰላቸው እንጂ አልለቀቃቸውም። በመካከላቸው ያለው 11 ወር ነው።

አንዲት እናት የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጇን ይዛ መጣች። «ሳጥበው ነው ያየሁት፤ አንድ ጎኑ ከፍ ብሎብኝ» አለች። ቀደም ብላ አሳይታው «ሲያድግ ይተወዋል» ተብላ ተመልሳለች። ይህ ቃል የሚያንገበግበኝ ለአንዳንዱ ልጅ እውነት ስለሆነ ነው። የትኛው ልጅ እንደሆነ የሚለየው ግን ራጅና ክትትል ነው፤ ዝም ብሎ መጠበቅ አይለየውም።

ጀሶ ሁሉንም አያድንም። አጥንቱ ከማሕፀን ጀምሮ ጎድሎ የተፈጠረበት ወይም ቲቢ አከርካሪውን የበላው ልጅ ሌላ ሕክምና ይሻል። የዚህች እናት ልጅ ግን በጊዜው ደርሷል።

ጀሶው ሲጠነክር ከፊት ለፊት ሰፊ መስኮት ቆርጬ ከፈትኩ።

«ዶክተር፣ አይታፈንብኝም?»

«አይዞሽ፣ እጅሽን አምጪ» ብዬ መዳፏን በመስኮቱ አስገብቼ ሆዱ ላይ አሳረፍኩላት። ሆዱ ከነእጇ ከፍ ዝቅ አለ። ፊቷ ያኔ ተፈታ።

ጀሶው በየሁለት ወሩ ይቀየር ነበር። አሮጌው ወልቆ አዲሱ እስኪታሰር ያለችው ጊዜ የእናትየው ናት፤ ልጁ ገላው ውሃ የሚያገኘው ያኔ ብቻ ነው። በአራተኛው ቅያሪ ሳሙና የያዘ እጇን ከማጅራቱ ቁልቁል እስከ ወገቡ አወረደች። ደግማ አወረደች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዶክተር፣ የቱ ጋ ነበር?»