ሮምን በአንድምታ ማንበብ

በባቡር ሮም የገባ ጎብኚ ከቴርሚኒ ጣቢያ ሲወጣ መጀመሪያ የሚረግጠው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። ፒያሳ የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን ሻንጣውን እየጎተተ ወደ ኮሎሲየም የሚጣደፍ መንገደኛ እምብዛም አይጠይቅም። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሱት የጣሊያን ጦር ወታደሮች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መታሰቢያቸውም ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። የመታሰቢያው ድንጋይ በዳግማዊ ራምሴስ ዘመን ግብጽ ውስጥ የተጠረበ፣ በጥንት ዘመን ወደ ሮም የተወሰደ፣ በ1883 ከመሬት ተቆፍሮ የወጣና ከአራት ዓመት በኋላ ለዶጋሊ ሙታን የቆመ ሐውልት ነው። በወረራው ዘመን ደግሞ ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ እግሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ያ አንበሳ ዛሬ ወደ ቦታው ተመልሶ ለገሃር ቆሟል።

ከተማ መጎብኘት ማንበብ ነው። አስጎብኚውም፣ የኪስ መጽሐፉም፣ በስልክ የሚከፈተው ካርታም ተርጓሚዎች ናቸው። የትኛው ድንጋይ እንደሚነበብና የትኛው እንደሚታለፍ እነሱ ይወስናሉ። ችግሩ የሚመጣው አንዱን ትርጉም ብቻ ሲሰጡ ነው። የሀገራችን የመጻሕፍት ሊቃውንት በዚህ ረገድ የተሻለ ልማድ አላቸው። አንዱን ቃል ተርጉመው አያበቁም፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ትርጉም ፊተኛውን ሳይሰርዙ ከጎኑ ያቆሙታል። የቴርሚኒው ድንጋይ በዚህ መንገድ ቢነበብ፣ አንድም የፈርዖን ክብር ነው፣ አንድም የሮም ቄሣሮች ምርኮ፣ አንድም የጣሊያን እናቶች ኀዘን፣ አንድም የአሉላ ድል ምስክር። አራቱም እውነት ናቸው። የተለመደው ጉብኝት ግን፣ ድንጋዩን ጭራሽ ካላለፈው፣ ከአራቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ይናገራል።

ሮም ራሷ ለእንዲህ ዓይነቱ ንባብ የተሠራች ትመስላለች። ፓንቴዮን ፊት ለፊት የቆመ ሰው በግንባሩ ላይ በትልልቅ ፊደል የአግሪጳን ስም ያነባል። ሕንጻው ግን የአግሪጳ አይደለም። የእሱ ከጠፋ በኋላ አሁን የምናየውን፣ ወደ 43 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለውን ጉልላት የተሸከመውን ሕንጻ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ያስፈጸመው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ሲሆን፣ የቀድሞውን ሰው ስም መልሶ አጻፈበት። በ609 ደግሞ የጣዖታቱ ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከኮሎሲየም አጠገብ ያለው የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስትም እንዲሁ ነው። በ315 ሲመረቅ ከጌጦቹ ብዙዎቹ ከትራጃን፣ ከሐድርያንና ከማርቆስ አውሬልዮስ ሐውልቶች የተነቀሉ ነበሩ፤ የቀድሞዎቹ ነገሥታት ፊት እንደገና ተጠርቦ አዲሱን ንጉሥ እንዲመስል ተደርጓል። ከተማዋ የተፋቀ ብራና ናት፤ በፊተኛው ጽሑፍ ላይ ሌላ የተጻፈባት። የሌላውን ድንጋይ ወስዶ የራስ ማድረግም ሮም ውስጥ በፋሺስቶች አልተጀመረም። በከተማዋ ከቆሙት 13 ጥንታዊ ኦቤሊስኮች 8ቱ ከግብጽ የመጡ ናቸው።

በፋሺስቶች ዘመን የተለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ዕይታው ራሱ ተሠራ። ዛሬ ከቬኔዚያ አደባባይ ተነሥቶ እስከ ኮሎሲየም የሚዘረጋው ሰፊ መንገድ፣ ሁሉም ቱሪስት ፎቶ የሚነሣበት፣ የጥንት ሰዎች ያዩት ነገር አይደለም። ሙሶሊኒ ያስጠረገው መንገድ ነው። ለመንገዱ ሲባል አሌሳንድሪኖ የሚባለው የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተባረሩ። ተቆፍረው ከወጡት የጥንት አደባባዮች ብዙው ክፍል እንኳ ተመልሶ ከመንገዱ ሥር ተቀበረ። መንገዱ የተመረቀው ጥቅምት 28 ቀን 1932፣ ፋሺስቶች ወደ ሮም የገሠገሡበት አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። በማክሴንትዮስ ባሲሊካ ግድግዳ ላይም የሮም ግዛት ከዘመን ዘመን እንዴት እንደሰፋ የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች በ1934 ተሰቀሉ። በ1936 አምስተኛ ተጨመረ፤ በእሱ ላይ ኢትዮጵያ የአዲሱ ግዛት አካል ሆና ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አምስተኛው ወረደ፤ አራቱ ግን ዛሬም እዚያው አሉ። ጎብኚው አራቱን እያየ ያልፋል፤ የጎደለው አምስተኛ መሆኑን የሚነግረው ግን የለም። ታሪክ ያየ ይመስለዋል እንጂ ሌላ ሰው መርጦና አርሞ ያቀረበለትን ገጽ ነው ያየው።

ሲግመንድ ፍሮይድ በ1930 በታተመው መጽሐፉ ሮምን ለሰው አእምሮ ምሳሌ አድርጎ ነበር። ከዚህ በፊት የተሠራ ሁሉ ሳይጠፋ፣ የአግሪጳም የሐድርያንም ፓንቴዮን በአንድ ቦታ ላይ አብረው የሚታዩበትን ከተማ በሐሳቡ ሣለ። ወዲያው ግን ምሳሌው አያስኬድም ብሎ ተወው፤ አንድ ቦታ ሁለት ሕንጻ በአንድ ጊዜ አይሸከምምና። በቦታ ደረጃ ልክ ነው። በንባብ ደረጃ ግን ቶሎ ተስፋ ቆርጧል። በፖርታ ካፔና አደባባይ የሚቆም ኢትዮጵያዊ ፍሮይድ የማይቻል ያለውን ነገር በየጊዜው ያደርገዋል፤ በባዶ ቦታ ላይ 24 ሜትር ቁመት ያለውን የአክሱም ሐውልት ያያል።

ሐውልቱ እዚያ የቆመው በ1937፣ እንደገና ጥቅምት 28 ቀን ነው። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ፈርማ ነበር። ሐውልቱ ግን በ2002 መብረቅ እስኪመታው ድረስ ቆየ፤ ወደ አገሩ የተጓዘው በ2005፣ አክሱም ላይ ተተክሎ የተመረቀው በ2008 ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ሕንጻ፣ አሁን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት፣ መጀመሪያ የታቀደው ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። በአደባባዩ ላይ ዛሬ የመስከረም 11 ቀን 2001 የኒው ዮርክ ሙታን መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል። ሙታን ሁሉ መታሰቢያ ይገባቸዋል፤ ጥያቄው ያ ቦታ ከከተማዋ አደባባዮች ሁሉ ተለይቶ ምን ሊያስታውስ ይገባው ነበር የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ አጥብቃ ከያዙት አንዷ ከሶማሌ ወላጆች ሮም የተወለደችው ኢጃባ ሼጎ ናት። ከፎቶ አንሺው ሪኖ ቢያንኪ ጋር በ2014 ያወጣችው «ሮማ ኔጋታ» (የተካደችው ሮም) የጉብኝት መጽሐፍ መልክ አለው። የሚያስጎበኘው ግን ከተማዋ ልትረሳቸው የምትፈልጋቸውን የቅኝ አገዛዝ አሻራዎች ነው። የዶጋሊ ሐውልትና ፖርታ ካፔና በመንገዷ ላይ አሉ። በቢያንኪ ፎቶዎች ውስጥ ድንጋዮቹ ብቻቸውን አይቆሙም፤ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎች ፊት ለፊታቸው ይቆማሉ። የመጽሐፉ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። የፎቶው ሰው ሲቆም ሐውልቱ ጌጥ መሆኑ ያበቃና የሚጠየቅ ነገር ይሆናል።

ይሁንና የመጽሐፉ ክብደት በቅኝ አገዛዙ ዘመን ላይ ስለሚያርፍ፣ ለአማርኛ አንባቢ ሌላ «አንድም» ይቀረዋል። ሮም ድንጋያችንን ከመውሰዷ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ፊደላችንን በብረት ቀርጻለች። በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ በከተማዋ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ፣ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቋንቋውን «ከለዳውኛ» ብሎ በስሕተት ቢጠራውም በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ በሚገኘው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሆነው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። በ1649 አባ ጎርጎርዮስና ሂዮብ ሉዶልፍ የተገናኙት ሮም ነው፤ በ1698 የወጣው የሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ወዳጅነት የበቀለ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍም በ1908 የታተመው እዚያው ሮም ነው፤ ጸሐፊው በኋላ ከወራሪው ጋር ማበሩም የዚሁ ንባብ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ማተሚያ ቤቱ ዝርፊያውን አያካክስም፤ ዝርፊያውም ተስፋ ጽዮን የደከሙበትን ሥራ አያሳንስም። አንድምታ ሚዛን አይደለም፤ ሁለት ነገር አስቀምጦ ልዩነቱን አያጣፋም። በመጽሐፍ ላይ ትርጉሞች ጎን ለጎን ያለ ጉዳት ይኖራሉ፤ በድንጋይ ላይ ግን አንዱ ትርጉም የቆመው ሌላው ከሥሩ ተነቅሎ ነው። ስለዚህ ሮምን ማንበብ ብቻውን ሐውልት አይመልስም። የአክሱሙ ሐውልት የተመለሰው ውሉን የሚያስታውሱና የማይታክቱ ሰዎች ለአምሳ ስምንት ዓመት ስለጠየቁ ነው።

ነገር ግን መጠየቅም የሚጀምረው ከማንበብ ነው። በየዓመቱ ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልምና ከዱባይ ሮምን ለማየት የሚሄድ አማርኛ ተናጋሪ ከሌሎች ቋንቋዎች በተዋሰው መሪ ይዞራል፤ በሌሎች ዓይን ያደንቃል፣ ወይም በቁጣ ብቻ ይመለሳል። ሁለቱም ከተማዋን ግማሽ ያደርጓታል። የፓንቴዮንን ጉልላት ውበት ሳይነፍግ፣ የጎደለውን አምስተኛ ካርታ ሳያልፍ፣ የተስፋ ጽዮንንም ማተሚያ ሳይረሳ የሚያዞር የሮም መጽሐፍ በአማርኛ ሊጻፍ ይገባዋል። ጸሐፊው መንገዱን ከየትም ቢጀምር፣ በፖርታ ካፔና ላይ ግን አንባቢውን በባዶው ቦታ ፊት አቁሞ «አንድም» ለማለት በቂ ጊዜ ይስጠው።