«የፊት ዕድገት» ወዴት ነው? ስለ ጥርስ ማስተካከል ሕክምና ቃላት አተረጓጎም

የልጅን ራስ ቅል ከጎኑ በራጅ አንሥቶ መንጋጋው ወዴት እንደሚያድግ መገመት በጥርስ ማስተካከል ሕክምና የቆየ ልማድ ነው። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1931 ብሮድቤንት በአሜሪካ፣ ሆፍራት በጀርመን፣ ራጁ ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት አቋም የሚነሣበትን ዘዴ ባቀረቡ ጊዜ ነው። ይህን ዕውቀት ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ባዕድ ቃላቱ እምብዛም አያስቸግሩትም። «ራጅ» ራሱ ከጣሊያንኛ መጥቶ ተዋሕዶናል፤ በላቲን «የቱርክ ኮርቻ» የተባለውም የራስ ቅል ጎድጓዳ ስፍራ በአማርኛ ያለ ጭንቅ ኮርቻ ይባላል። የሚያሰናክለው የገዛ ቋንቋው ቃል ነው፤ ይኸውም «ፊት»።

«የፊት ዕድገት» ሲባል የመልክ ዕድገት፣ በፊት በኩል ያለ ዕድገት፣ ወይም ቀድሞ የነበረ ዕድገት ሊሆን ይችላል። «ወደ ፊት ያድጋል» ደግሞ አቅጣጫም ጊዜም ነው። «የልጁ ፊት ወደ ፊት ወደ ፊት ያድጋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሰዋስው አይነቅፈውም፤ ሐኪሙ ግን ምን ያድርገው? በዕለታዊ ንግግር አገባቡ ያጠራዋል እንዳንል፣ ራጅ ሲነበብ የሚጠየቁት አቅጣጫና ጊዜ ሁለቱም በአንድነት ናቸው። በጽሑፍ ለመልኩ «ገጽ» ማለት ይሻላል፤ «የገጽ ዐጥንቶች» ቢባል ከመጽሐፍ ገጽ ጋር የሚያምታታው አይኖርም።

ከዚህ የሚብሰው «ወደ ኋላ» ነው። በኮፐንሃገን ይሠራ የነበረው ብዮርክ በልጆች መንጋጋ ውስጥ ጥቃቅን የብረት ምልክቶች አስገብቶ፣ በየጊዜው ራጅ እያነሣ፣ መንጋጋ ሲያድግ እንደሚዞር፣ የዐጥንቱም ገጽ እየተጠረበና እየተሞላ ይህን ዙረት እንደሚሸፍነው አሳየ። ሁለቱን የዙረት ዐይነቶች እንግሊዝኛው በአቅጣጫ ይሰይማቸዋል። ቃል በቃል መልሰን ለአንዲት እናት «የልጅዎ መንጋጋ ዕድገት ወደ ኋላ ነው» ብንላት የምትሰማው ልጇ ወደ ኋላ መቅረቱን ነው። ስለዚህ ስያሜው ከውጤቱ ቢወሰድ እንመርጣለን፤ አገጭን ወደ ላይና ወደ ፊት የሚወስደው «ዘጊ ዙረት»፣ ወደ ታችና ወደ ኋላ ወስዶ የፊት ጥርሶችን ወደ መራራቅ የሚያደላው «ከፋች ዙረት» ይባል። («ገጣሚ ዙረት» እንዳንል ባለቅኔዎቹ ይታዘቡናል።)

ይህ ክርክር አርባ ምንጭ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ከጨንቻ ልጇን ይዛ የወረደች እናት የሐኪሙን አማርኛ በጋሞኛ የምትሰማው በአስተርጓሚ ከሆነ፣ አስተርጓሚው ከሦስቱ ፍችዎች አንዱን መምረጡ አይቀርም፤ መምረጡንም ሐኪሙ አያውቅም። ጋሞኛ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች ወገን ስለ ሆነ፣ ለጽሑፍ ያመሰገንነው የግእዙ «ገጽ» እዚህ አይረዳም፤ በቃል «አገጩ ወደ ታች እየወረደ ነው» ማለት ይበቃል። የጋሞኛው አቻ ቃል ደግሞ ከተናጋሪዎቹ መሰብሰብ አለበት እንጂ በቢሮ አይፈበረክም። ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፋኛንና ዳውሮኛን ቀላቅሎ በመማሪያ መጻሕፍት የወጣው «ወጋጎዳ» በ1992 ዓ.ም. በተነሣበት ብርቱ ተቃውሞ መቅረቱ የሚታወስ ነው።

ሌላው አደገኛ ቃል «ኖርማል» ነው። «ጤናማ» ወይም «ትክክለኛ» ብሎ የሚመልሰው ተርጓሚ ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ አልጠየቀም። ዳውንስ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ልክ የተወሰደው ከ12 እስከ 17 ዓመት ዕድሜ ካላቸው፣ ጥርሳቸው ካማረ 20 ነጭ አሜሪካውያን ነው። ስታይነር በ1953 የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ልዩነት 2 ዲግሪ ይሁን አለ። ይህ «የማነጻጸሪያ ልክ» ነው። «ጤናማ» ካልነው ግን መልኩ አባቱን የሚመስል የጋሞ ልጅ ምንም ሳይጎድለው በወረቀት ላይ ሕመምተኛ ይሆናል፤ ጥርሱም በዚሁ ሳቢያ ሊነቀል ይችላል።

በመጨረሻ ስለ «ትንበያ»። ቃሉ ከአየር ጠባይ ዘገባ የተለመደ ቢሆንም ትንቢት ትንቢት ይሸታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ባውምሪንድና ባልደረቦቹ ለአምስት ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የሕክምና መጀመሪያ ራጆችን ሰጥተው፣ መንጋጋቸው በከፋች ዙረት ያደገባቸውን ልጆች እንዲለዩ ቢጠይቋቸው ከዕጣ የተሻለ ውጤት አላገኙም። እንግዲህ በአንድ ራጅ ላይ ለቆመ ፍርድ «የዕድገት ግምት» ከማለት የበለጠ ስም መስጠት አይገባም። ግምቱም ራጁ የተነሣበት ቀንና የልጁ ዕድሜ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ራጅ ሲነሣ የሚነጻጸረው ከዚያ ጋር ነውና።